መብረቁ እስኪመጣ

1

«በሕግ አምላክ! ጠበቅ አድርገህ እሰረው እንጂ! ይኼ እኮ ቁራኛ ነው፤ የጥምቀት ሽርጉድ መሰለህ?»

ክፍሉ በመምህሩ ቃል በሳቅ ተናጋ። የክፍሉ አለቃ ቢያዝን ቋጠሮውን ፈትቶ እንደገና አጠበቀው። የነጠላው አንዱ ጫፍ ልሳኑ በሚባለው ተማሪ ቀኝ እጅ አንጓ ላይ ነው። ሌላው ጫፍ በፈንታነሽ ግራ አንጓ ላይ። በመካከላቸው ሁለት ክንድ የሚያህል ነጭ ሸማ ረግቦ ተንጠለጠለ።

«አሁን ገና ተከራካሪዎች ሆናችሁ» አሉ መምህር ይርዳው።


2

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር።

ፈንታነሽ ዛሬ ወይዘሮ ፈንታነሽ ናቸው። ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል፤ ዕድሜያቸውን በዳኝነት ወንበር ላይ ጨርሰው በጡረታ ከወጡም ቆይተዋል። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ «አንቺ» የሚል ሰው ቢኖር ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ይቆጣል። በዚህ ወረቀት ላይ ግን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ግራ እጇ ከአንድ ልጅ ቀኝ እጅ ጋር ታስሯል፤ ጫማዋ የሸራ ነው። እንዲህ ያለችውን ልጅ «አንቱ» ቢሏት መሳቋ አይቀርም።

ስለዚህ፦ ፈንታነሽ።


3

ጎጃም ውስጥ ነው። የአውራጃ ከተማ ናት፤ በአንድ በኩል ገበያ፣ በአንድ በኩል ወህኒ፣ መካከሉ ላይ ትምህርት ቤት። ዘጠነኛ ክፍል። ለክፍሉ ሁሉ ያለው አንድ መጽሐፍ ነው፤ መምህር ይርዳው ጮክ ብለው ያነቡታል፣ ተማሪው አገጩን በእጁ ደግፎ ይሰማል።

መጽሐፉ ሽፋን የለውም። ሽፋኑ ሲገነጠል ርዕሱንም የደራሲውንም ስም ይዞ ሄዷል፤ የቀረው ታሪኩ ነው። ታሪኩም ይኸው፦

ብርነሽ የምትባል ባለጸጋ ሴት የጎረቤቷን የድሃ ገበሬ መሬት ተመኘች። ችሎት ቀረበች፤ ወንጌል መትታ «መሬቱ የአባቴ ነው» ብላ በሐሰት ማለች። ገበሬው ተገረፈ፣ ከርስቱ ተነቀለ፣ አገር ጥሎ ተሰደደ። ውሎ አድሮ እውነቱ ወጣ። ብርነሽ ወህኒ ወረደች። ሁለት ምዕራፍ ታስራ ከቆየች በኋላ ምሕረት ተደረገላት። ለምስጋና እጇን ዘርግታ ከወህኒው ደጅ እግሯን ስታወጣ፣ ደመና ከሌለበት ጥርት ካለ ሰማይ፣


መብረቅ።


ተፈጸመ።

መምህር ይርዳው ይህቺን «ተፈጸመ» ሲሉ ድምፃቸው ይወፍራል። ክፍሉም ሁልጊዜ ያጨበጭባል። ፈንታነሽ ከሁሉ አብልጣ ታጨበጭብ ነበር።


4

የድሮ መጽሐፍ ክፉ ሰው እንዴት እንደሚሞት (ወይዘሮ ፈንታነሽ እየሳቁ ካስታወሱት)፦

ከበቅሎ ወድቆ። ለሌላ ሰው ያዘጋጀውን መርዝ ራሱ ጠጥቶ። ወንዝ ወስዶት፤ ያውም ደጉ ሰው በደህና በተሻገረበት መልካ። አብዶ፣ ጨርቁን ጥሎ፣ የገዛ ኃጢአቱን በገበያ መካከል እየለፈፈ። በሕፃንነቱ የጣለው ልጅ አድጎ መጥቶ ገድሎት። በቁስል፣ በእከክ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሸው።

በመብረቅ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ደጉ ሰውስ? ደጉ ሰው የተቀማውን ያገኛል፤ ወይ ደግሞ በጊዜ ሞቶ መቃብሩ ላይ አበባ ይበቅላል።

«ምን ዓይነት ጊዜ ነበር» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «መጽሐፍ ከፍተሽ ክፉ ሰው ስታገኚ አትጨነቂም። ቀሪውን ገጽ በጣትሽ ለካ ለካ ታደርጊና፣ ‘ቆይ ብቻ፣ ጥቂት ነው የቀረህ’ ትይዋለሽ።»¹

¹ «አንቺ» ያሉት ይህን ጸሐፊ ሳይሆን የድሮዋን ፈንታነሽን ነው። ጸሐፊው ወንድ ነው፤ እንዲህ ሲሉ አላረማቸውም።


5

ቁራኛ እንዲህ ነው። የማታውቀው ከሆንህ አድምጥ።

ከሳሽ ሁን። የበደለህን ሰው መንገድ ላይ አግኝተህ «በሕግ አምላክ!» በለው። ይቆማል፤ ካልቆመ አገር ያስቆመዋል። የነጠላህን ጫፍ ከነጠላው ጫፍ ጋር ቋጥር። ዳኛ እስክታገኙ ድረስ አትፍታው። እሱ ሲሄድ ትሄዳለህ፣ እሱ ሲቀመጥ ትቀመጣለህ፤ ውኃ ሲጠማው አንተም ምንጭ ትወርዳለህ። ቀን ሙሉ የጠላትህን ትንፋሽ ትሰማለህ።

መምህር ይርዳው ይህን ከአባታቸው ሰምተው ያደጉ ናቸው። የብርነሽን መጽሐፍ አንብበው ሲጨርሱ፣ «እንግዲህ ማጨብጨብ ይበቃል፤ እንደ አባቶቻችን እንሟገትባት» አሉ። ጥያቄው አጭር ነው፦ ብርነሽ መብረቁ ይገባታል ወይስ አይገባትም?

«ይገባታል!» ብላ መጀመሪያ የተነሣችው ፈንታነሽ ናት። ከሳሽ ሆነች።

ጠበቃ የሚሆን ጠፋ። ለብርነሽ ማን ይቆማል? ከኋላ መደብ፣ ባለፈው መስከረም ከገጠር የመጣው፣ ስሙ ሲጠራ እንኳ ቀስ ብሎ «አቤት» የሚለው ልሳኑ እጁን አወጣ።

መምህር ይርዳው ሴትና ወንድ ማሰሩን ፈራ ተባ አሉ። ፈንታነሽ ግን፣ «መምህር፣ በጥንት ጊዜ ሴት አትከስስም ነበር?» ብላ እጇን ዘረጋች።

ዳኛው እኔ ነኝ፤ ሕጉ አንድ ነው አሉ። ከምሳ በኋላ እስከሚፈረድ ድረስ ቋጠሮውን መጀመሪያ የፈታ፣ ተረታ።


6

ጠዋት።

ፈንታነሽ ነፃ እጇን እያወናጨፈች፦

«በላ ልበልሃ!
ዛፍ በመጥረቢያ፣ ሰው በምላስ ይወድቃል፤
የቆረጠ እጅም መቆረጡን ያውቃል!»

ጠረጴዛው ተደበደበ። «እሰይ!» አሉ። ልሳኑ ወለሉን እያየ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ እስኪመስል ድረስ ዝግ ብሎ፦

«በላ ልበልሃ!
ዝናቡ ሲዘንብ ለጻድቅ ለኃጥኡ፣
መብረቁ ለብቻ ለእሷ ነው መምጣቱ?»

ማንም ጠረጴዛ አልደበደበም። ፈንታነሽ ግን ዘወር ብላ አየችው። ይህ ልጅ እስከ ዛሬ የት ነበር?

መልሷን አቀናብራ አፏን ስትከፍት፣ ደጅ ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ተደወለ። ምሳ።


7

ልጁ ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ልሳኑ ካለበት አልተነሣም።

«ፍቺው» አላት።

«ምኑን?»

«ቋጠሮውን። ተረትቻለሁ።»

«ምን ነካህ? ገና መች ተጀመረና!»

«ተረትቻለሁ አልሁሽ። ለመምህርም እነግራቸዋለሁ። ብርነሽ መብረቁ ይገባታል።»

ፈንታነሽ ተናደደች። ያለ ክርክር የሚገኝ ድል፣ ያለ በርበሬ የተሠራ ወጥ ነው፤ ማን ይበላዋል? «የወንድ ልጅ ቃል እንዲህ ነው? እኔ ቤት ሄደን እንበላለን፤ እናቴ ምንም አትልም።»

«አልችልም። የምሄድበት አለኝ።»

«የት?»

ልሳኑ ደብተሩን በግራ እጁ ሰበሰበ።

«የትም ሂድ» አለች ፈንታነሽ። «አብሬህ እሄዳለሁ። ሕጉ ነው።»

ልሳኑ ቋጠሮውን ራሱ ሊፈታ በግራ እጁ ሞከረ። ቢያዝን ያሰረው ቋጠሮ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ አልነበረም። ትንሽ ታገለና ተወው። ተነሣ። ፈጥኖ መራመድ ጀመረ፤ እሷም ሸማው እንዳይጎትታት ሶምሶማ እያለች ተከተለችው።

በገበያው ጠርዝ ሲያልፉ ሰው ቆሞ አያቸው። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ኧረ ምን ጉድ ነው!» አለች። ፈንታነሽ አንገቷን ቀና አድርጋ «ሙግት ላይ ነን!» ብላት አለፈች።

መጀመሪያ አክስቱ ቤት ገቡ። አክስትየዋ ምንም ሳትጠይቅ ትንሽ አገልግል አቀበለችው። ፈንታነሽ ምሳውን ለቡቃያ ጠባቂ፣ ለሆነ ዘመድ የሚያደርስ መስሏት ነበር። መንገዱ ወደ ላይኛው ሰፈር ሲታጠፍ ግን ገባት። በዚያ በኩል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።


8

ወህኒ።


9

የባሕር ዛፍ አጥር፣ የቆርቆሮ በር፣ በበሩ ላይ ካፖርት የደረበ ሽማግሌ ዘበኛ። ልሳኑን ያውቀዋል። ዓይኑ ያረፈው ቋጠሮው ላይ ነው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የትምህርት ቤት ነው አባባ» አለ ልሳኑ።

«ዘንድሮ ትምህርት እንዲህ ሆነ?» ሽማግሌው አገልግሉን ከፍቶ በስንደዶ እንጀራውን ወጋ ወጋ አደረገና ወደ ልሳኑ ገፋው። «ቅመስ።» ልሳኑ ቆርሶ ጎረሰ። «አንቺም ቅመሺ።»

«እኔ?»

«አብረሽ አይደል የተቋጠርሽ? ያንቺም እጅ ነክቶት ይሆናል። ቅመሺ።»

ፈንታነሽ ቆርሳ ጎረሰች። እንጀራ በድልህ ነው፤ ጥግ ላይ አንድ የተቀቀለ ድንች አለ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ዕድሜ ልካቸውን ብዙ ምግብ በልተዋል፤ የዚያች ጉርሻ ጣዕም ግን አልጠፋኝም ይላሉ። ድልሁ ጨው በዝቶበት ነበር።


10

በአጥሩ ክፍተት የተነጋገሩት። ስመኝ የልሳኑ እናት ናት፤ እንዝርት ይዛ፣ እየፈተለች ነው የመጣችው። ቃል በቃል ሊሆን አይችልም፤ ዘመኑ ርቋል። ወደዚህ የተጠጋ ነው፦

ስመኝ፦ ውይ! እናንተ ደግሞ ምን አጥፍታችሁ ነው የታሰራችሁ?

ልሳኑ፦ የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው እማ።

ስመኝ፦ ይቺ የማን ልጅ ናት?

ፈንታነሽ፦ ፈንታነሽ እባላለሁ እትዬ። እ... ከሳሽ ነኝ።

ስመኝ (እየሳቀች)፦ አበስኩ ገበርኩ! ልጄን?

ፈንታነሽ፦ የለም፣ የለም! ብርነሽን ነው። የመጽሐፍ ሴት ናት። ልሳኑ ጠበቃዋ ነው።

ስመኝ፦ ምን አደረገች?

ፈንታነሽ፦ በሐሰት ምላ ድሃ አስገረፈች። መሬቱን ቀማችው።

ስመኝ፦ ኧረ የእጇን ይስጣት! ልጄ፣ እንዲህ ላለችው ነው የምትቆም?

(ልሳኑ አገልግሉን በአጥሩ ክፍተት አቀበላት። እሷ ተቀምጣ አገልግሉን ከፈተች። ድንቹን ለሁለት ገምሳ ግማሹን አንገቷን አዙራ ለሌላ ሴት አቀበለች።)

ስመኝ፦ ታዲያ ታሰረች?

ፈንታነሽ፦ ታሰረች።

ስመኝ፦ ስንት ዓመት?

ፈንታነሽ፦ መጽሐፉ አይልም።

ስመኝ፦ ልጅ የላትም?

ፈንታነሽ፦ መጽሐፉ አይልም።

ስመኝ፦ እና ስንቅ ማን ያመጣላታል?

(                )

ስመኝ፦ ኧረ ምነው ዝም አልሽ? ማን ያበላታል?

ፈንታነሽ፦ መጽሐፉ... አይልም እትዬ።

ስመኝ፦ እንግዲያ በረሃብ ሞተች በሉኛ።

ፈንታነሽ፦ አይደለም። በመብረቅ ነው የሞተችው።

ስመኝ፦ ይሁን። መብረቁ እስኪመጣ ምን ስትበላ ነበር?

እንደ ፍልስፍና አላለችውም። እየጎረሰች ነው ያለችው። ከዚያ ወዲያው ስለ ልሳኑ ሳል፣ ስለ አክስቱ ላም፣ ስለ ድልሁ ጨው መናገር ቀጠለች።


11

ሲመለሱ ሸማው አልተወጠረም። ጎን ለጎን ነበሩ።

ፈንታነሽ አልጠየቀችም፤ ራሱ ነገራት። አባቱ በሞተ በዓመቱ አጎቱ ማሳቸውን ሊያርስ በሬ ጠምዶ መጣ። እናቱ ከድንበር ድንጋዩ ላይ ቆመች። አጎቱ ገፈተራት። እሷ ቤት ገብታ ዘነዘና ይዛ ወጣች። አጎቱ አልሞተም፤ አንድ ዓይኑ ግን ጠፋ። ዳኛው «ጥፋትሽን ታምኛለሽ?» ሲላት፣ «አዎ፣ ደግሞም አዝናለሁ፤ ማሳው ግን የልጄ ነው» አለች። ፈረደባት። ማሳውን አጎቱ እያረሰው ነው።

«ትምህርት ቤት ማንም አያውቅም» አለ ልሳኑ። «ቢያውቁ ኖሮ ለብርነሽ ሳይሆን ለእናቴ የምሟገት ይመስላቸው ነበር።»

«ለማን ነበር?»

ጥቂት ተራመዱ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል።

«መጀመሪያ ለብርነሽ ነበር።»

ፈንታነሽ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያም፣ «ከእኔ አይወጣም» አለችው።

«ማይ።»

ልትምል እጇን አነሣች፤ የእሱም እጅ አብሮ ተነሣ። ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ። ሳትምል ቀረች። ቃሏ ግን አልተሰበረም።


12

ከሰዓት። ክፍሉ ጢም ብሏል፤ ከሌላ ክፍል ሁሉ ሸሽተው የመጡ አሉ። የፈንታነሽ ተራ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ በእሷ ቦታ ቁም። ግጥምህ ተዘጋጅቷል፣ ክፍሉ ያንተ ነው፣ ልታሸንፍ ነው። እጅህ ደግሞ ከአንድ ልጅ እጅ ጋር ታስሯል፤ የደም ሥሩ ሲመታ በሸማው በኩል ይሰማሃል። ምን ትላለህ?

ፈንታነሽ ግጥሙን ተወችው።

«ዳኛዬ፣ ክሴን አላነሣም። ብርነሽ አጥፍታለች፤ መታሰሯም ተገቢ ነው። ግን ሁለተኛ ተከሳሽ አለኝ።»

«ማን?» አሉ መምህር ይርዳው።

«ደራሲው።»

ጫጫታው ጣራውን ሊያነሣ ደረሰ። መምህር ይርዳው ጠረጴዛውን በማጥፊያው መቱት። «ደራሲው ማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም! በሕይወትም የለም ይሆናል።»

«በሌለበት ይታይልኝ። ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ሴትዮዋን ወህኒ አስቀምጧታል። ጸጸቷን ጽፏል፣ እንባዋን ጽፏል፣ ሰንሰለቷን ሳይቀር አንቃጭሎ ጽፏል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ስንቅ ማን እንዳመጣላት አልጻፈም። በአገራችን እስረኛን የሚያበላው ማነው? ዘመዱ ነው! ጠያቂ ከሌላት መብረቁ ሳይመጣ ትሞት ነበር። ካላት ደግሞ፣ ያ ሰው ማነው? በየቀኑ ዳገቱን የሚወጣው? መብረቁ ሲወድቅስ የት ቆሞ ነበር? እሱስ ምን አጥፍቶ ነው የሚቀጣው?»



ልሳኑ እያያት አልነበረም። በመስኮት በኩል ወደ ላይኛው ሰፈር እያየ ነበር። ጆሮው ግን ቀልቷል።

«ለደራሲው ጠበቃ ማን ይቆማል?» አለ ቢያዝን።



መምህር ይርዳው ለዳኝነት የደረቡትን ጥቁር ካባ ከትከሻቸው አወረዱ። አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

«እኔ» አሉ።


13

መምህር ይርዳው እንዲህ ተናገሩ፦

«አባቴ ገበሬ ነበር። እንደ ብርነሽ ያለ ሰው በሐሰት ምሎ ርስቱን ወሰደበት። በቁራኛ ከዳኛ ወደ ዳኛ ሲንከራተት ነው ያደግሁት። ነጭ ሸማው አፈር እስኪመስል። አልተፈረደለትም። ሁልጊዜ ክረምት ሲገባ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ደጅ ወጥቶ የዚያን ሰውዬ ቤት ያይ ነበር።

«መብረቅ ሲጠብቅ ሞተ።

«የቀማው ሰውዬ ግን አርጅቶ፣ ጠግቦ፣ በልጅ ልጆቹ ተከቦ ነው ያረፈው። እኔ ያን ጊዜ እንደናንተ ተማሪ ነበርሁ። ይህን መጽሐፍ ያገኘሁት ያን ሰሞን ነው። አንብቤ ስጨርስ ጮኼ አለቀስሁ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ አባቴን ያላየ ሰው፣ ቁጭ ብሎ ለአባቴ ፈርዶለታል። ፈንታነሽ፣ ልክ ነሽ፤ ስለ ስንቁ አልጻፈም። ስለ ስንቁ ለመጻፍ መጀመሪያ መጥገብ ያሻል። የዚያን ጊዜ አንባቢ የተራበው ፍርድ ነበር። መብረቁ ለብርነሽ አልነበረም። ለእኛ ነበር።»

ተቀመጡ። የተቀመጡት ከተማሪ ጋር፣ መደቡ ላይ ነው።

ፈንታነሽ መምህሯን እንዲህ አይታቸው አታውቅም። መጽሐፉን ሲያነቡ ድምፃቸው ለምን እንደሚወፍር ያን ቀን ገባት።


14

ዳኛ የለም።

«ቢያዝን፣ አንተ ታላቃቸው ነህ» አሉ መምህር ይርዳው። «ፍረድ።»

ቢያዝን ግዙፍ ልጅ ነው፤ ካባው ትከሻው ላይ አልደረሰም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አሰበ። ፊቱ ላይ ላብ ወጣ። ብድግ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግራ ቀኙን ሰምተናል። በመሆኑም፣ በብርነሽና በደራሲው ላይ...»

ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ። ጎጃም ሰኔ ሲገባ ያየ ያውቀዋል፤ አያካፋም፣ ይደረመሳል። የቆርቆሮው ጣራ ጩኸት አገሩን ሞላው። የቢያዝን አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እጁን አንዴ ወደ ፈንታነሽ፣ አንዴ ወደ መምህሩ፣ አንዴ ወደ ሰማይ አነሣ።




 




ዝናቡ ጋብ ሲል ቢያዝን ተቀምጦ ነበር።

«ምን አልህ?» ተባለ።

«የተፈረደ አይደገምም» አለ ቢያዝን፤ ኮራ ብሎ።

የፊት መደብ ልጆች ሰምተናል አሉ። አንዱ «ሁለቱንም ማራቸው» አለ። ሌላዋ «ሁለቱንም ቀጣቸው ነው ያለው» አለች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተጨቃጨቁበት።


15

ቋጠሮው።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ፈንታነሽና ልሳኑ እየተጋገዙ በጥርስም በጥፍርም ፈቱት። በአንጓዎቻቸው ላይ ቀይ መስመር ቀርቶ ነበር። ማታውኑ ጠፋ።


16

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ።

መምህር ይርዳው በተከታዩ ዓመት ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ። መጽሐፉን ይዘው ሄዱ። ልሳኑ የእርሻ ትምህርት ተማረ፤ የአባቱን ማሳ በሙግት አስመለሰ፤ እናቱም በልጇ ደጅ ፀሐይ እየሞቀች አርጅታ በሰላም ሞተች። ቢያዝን ወታደር ሆነ፤ አልተመለሰም። ወይዘሮ ፈንታነሽ ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ያ ፍርድ ከእሱ ጋር ነው የተቀበረው።

እሳቸው ዳኛ ሆኑ። ብዙ ፈረዱ። እሥራት በፈረዱ ቁጥር ብዕራቸውን ከማስቀመጣቸው በፊት ጥፋተኛውን «ጠያቂ አለህ?» ይሉት ነበር። በሕጉ የሌለ ጥያቄ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው ያሾፉባቸው ነበር። አንዳንዱ «የለኝም» ይላል። እንዲህ ያለ ቀን ምሳ አይበላላቸውም።

«የድሮ መጻሕፍት ይናፍቁኛል» አሉ። «ብዙ ፋይል ዘግቻለሁ። ‘ተፈጸመ’ ብዬ የጻፍሁበት ግን አንድም የለም። ያ ቃል እንዴት ያለ ዕረፍት ነበረው መሰለህ። አሁንም አንዳንዴ አንድ ሽፋን የሌለው አሮጌ መጽሐፍ ባገኝና፣ ከጎኔ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብልኝ፣ መጨረሻው ላይ ያ መብረቅ ሲወርድ አጨበጭባለሁ። እያወቅሁም አጨበጭባለሁ።»


17

አንድ ነገር ዘለልን።

ከሙግቱ በኋላ በነበረው ሳምንት ልሳኑ ትምህርት ቤት አልመጣም። ወባ ጥሎት ነበር። ፈንታነሽ በምሳ ሰዓት አክስቱ ቤት ሄደች። ልጁ በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል፤ አክስትየዋ ትኩስ ውኃ ይዛ ከአጠገቡ አትነሣም። አገልግሉ ተዘጋጅቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ፈንታነሽ አነሣችው። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አልከለከላትም። እጇ ላይ ምንም አልታሰረም። ዳገቱን ብቻዋን ወጣች።

ዝናብ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ የሸራ ጫማዋ ከብዷታል። በሩ ላይ ያን ቀን የቆመው ሽማግሌው አልነበረም። አዲስ የመጣ ወጣት ዘበኛ ነው፤ ቁጡ፣ ማንንም የማያውቅ።

«ቁሚ! ለማን ነው?»

«ለወይዘሮ ስመኝ።»

«ከዘመድ ሌላ አይገባም። ምኗ ነሽ?»

ፈንታነሽ አንድ ቃል ተናገረች። ነፋሱ ወሰደው።

«አልሰማሁም! ጮክ በይ! ምኗ ነሽ?»

በሩ እንደተከፈተላት ይታወቃል። ወይዘሮ ፈንታነሽ ይህን ነግረውናል። ያችን ቃል ግን ዛሬም ሲጠየቁ ፈገግ ብለው ወደ መስኮቱ ያያሉ።

ያን ቀን ግን፣ በዚያ በር ፊት፣ አገልግሉን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ አጥር ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ እስኪሰሟት ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«                                        »